የወይዘሮ ማኒየን ሾርባ

«አያቴ በየዓርቡ ይህን ሾርባ ስትሠራ፣» አለ ሮናን ማኒየን፣ «መጀመሪያ የአሳማ ሥጋውን በቅቤ ጠበስ ታደርገው ነበር። ሽታው እስከ ወደቡ ይሰማ ነበር ይባላል።»

ፊሎሜና ይህን የሰማችው ኩሽና ውስጥ ሆና ድንች ስትልጥ ነው። ምግብ የምታቀብልባት ትንሿ መስኮት እንደተከፈተች ነበር። ከመስኮቷ ወዲያ፣ ወንበሮቹ ገና ከጠረጴዛ ላይ ባልወረዱበት መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሮናን ከደብሊን ካሜራ ይዛ ለመጣችው ሴት ሻይ እየቀዳ የአያቱን ታሪክ ይተርክላታል። ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ውጭ ያው የወደቧ ከተማ የጎልዌይ ዝናብ፣ የሚዘንብ ይሁን የሚቆም ያልቆረጠለት ዝናብ፣ መስታወቱን ይልሳል። ፊሎሜና ግማሽ የተላጠ ድንች በአንድ እጇ፣ ቢላዋዋን በሌላው እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ኩሽና ውስጥ ያን ሾርባ ስትሠራ የኖረችው እሷ ናት፤ ያስተማረቻትም እናቷ ዴሊያ እንጂ የማንም አያት አይደለችም።

ነገሩ ተራ ውሸት ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ መጠጥ ቤት ውሸት ያልተወራበት ቀን የለም። ግን ወይዘሮ ማኒየን! ነፍሷን ይማርና፣ ሴትየዋ ባሕር ከማይታይበት ከመሀል አገር ያገቧት፣ የዓሣ ሽታ ራሷን የሚያዞራት ሰው ነበረች። ፊሎሜና ዓሣ በጣደች ቁጥር ከደረጃው ላይ ሆና «በሩን ዝጊው! ልትገድይኝ ነው?» ብላ ትጮህ ነበር። ዓርብ ዓርብ የምትበላው ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ነው። እኛ ዘንድ ዓርብ ማለት ሥጋ የማይቀመስበት ቀን ነበር፤ ዓሣ ይፈቀዳል፣ ቅቤውንና ክሬሙን ደግሞ ማንም ጠይቆባቸው አያውቅም፤ ሥጋ ግን ዓርብ ቀን ከዚያች ቤት ደጃፍ አያልፍም። አሁን የልጅ ልጇ በዓርብ ድስቷ ውስጥ የአሳማ ሥጋ ጨመረላት። ብትሰማ ከመቃብር ትነሳ ነበር፣ ያውም ለሾርባው ብላ ሳይሆን ካህኑ ምን ይለኛል ብላ። ሮናን ይህን አያውቅም። ለእሱና ለእኩዮቹ ዓርብ ማለት ቱሪስቶች የሚጎርፉበት ቀን ነው። የአሳማ ሥጋውንም ሐሳብ ያገኘው ባለፈው ወር ከአንድ አሜሪካዊ ደንበኛ ሰምቶ ነው።

ፊሎሜና ድንቹን ልጣ ጨረሰች። ካባዋን ደርባ ሥጋው የሚበላውን የባሕር ዛጎል ልትገዛ ወጣች፤ ሁልጊዜም በዚህ ሰዓት ትወጣለች። ዓሣ ሻጩ ፌስቲ የእሷ እኩያ ነው፤ አባቱና የፊሎሜና እናት ክላዳ በሚባለው የድሮ የአጥማጆች ሰፈር ጎረቤት ነበሩ። ዴሊያ ቅርጫቷን ከአሮጌው የድንጋይ ግንብ ሥር ዘርግታ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ቀኑ መሽቶ ያልተሸጠው ዓሣ ቤት ይገባል፤ ከድስት የሚገባው ይኸው ነው። ክሬሙን የምታመጣው ላም ያላት የገጠር ሴት ነበረች፤ ክሬም ሰጥታ ዓሣ ትወስዳለች። ሾርባው እንዲህ ተወለደ፤ ተርፎ ከቀረ ዓሣና ከሰው ላም። ዛሬ አንዱ ሳህን አሥራ ስድስት ዩሮ ከሃምሳ ነው የሚሸጠው፤ ዴሊያ ዋጋውን ብትሰማ ሳቅ ይገድላት ነበር።

«ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ልትወጪ ነው አሉ፣» አላት ፌስቲ ጥቋቁሮቹን ዛጎሎች በከረጢት እየሞላ። «አደራ፣ ዓሣው ከማን ተገዛ ሲሉሽ ከመልከ መልካሙ ሰው በይ።»

«መልከ መልካሙ ሞቷል እላለሁ።»

«ብቻ ስለ ዴሊያ ንገሪያቸው። ይህችን ከተማ እንደሷ ያበላ ሰው ማን አለ?» አለና ከረጢቱን ሰጣት። «ዋጋው ጨምሯል፤ ግን ያንቺ ባለፈው ሳምንት በነበረው ይሁን።»

ፊሎሜና አመስግና ከረጢቱን ተቀበለች። ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ግን ምን ብላ ትጀምራለች? ከዚያ ይልቅ መንገድ ላይ ቆማ ለእህቷ ለኮንሴፕታ ደወለች። ኮንሴፕታ ባሊናስሎ ነው የምትኖረው፤ ዛሬ ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ትመጣለች፤ ስትመጣ ደግሞ ሁልጊዜ ምሳዋን ፊሎሜና ዘንድ ትበላለች። ፊሎሜና ልትላት የፈለገችው «ዛሬ አትምጪ፣ ሥራ በዝቷል» ነው። ስልኩ አይነሳም። ኮንሴፕታ ባትሪው እንዳያልቅባት ስልኳን አጥፍታ ከቦርሳዋ ሥር የምትቀብር ሰው ናት። ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቴም አልተነሳም።

ስትመለስ ሮናን ኩሽናው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን እውነት መናገር ያስፈልጋል። ጥርስ ሲያበቅል ድዱን ታሽለት የነበረች እሷ ናት። አባቱ ኮልም ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት ከቤቱ ጋር የባንክ ብድር አወረሰው፤ ልጁ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ኮልም ለፊሎሜና የተወላት ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ከኩሽናው በላይ ያለችው ክፍል እስካለሽ ያንቺ ናት» ብሏት ነበር። ወረቀት የለውም፤ ምስክርም የለውም። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ የጎረቤት ጣሪያና ሲጣሉ የሚውሉ የባሕር ወፎች። ለዚያች ክፍል በወር ሁለት መቶ ዩሮ ትከፍላለች። ከመንገዱ ማዶ ያለችው፣ ከሷ የምትጠበው፣ ባለፈው ወር አንድ ሺህ መቶ ስትባል ሃያ ሰው በዝናብ ተሰልፎ ሊያያት መጥቷል። ፊሎሜና ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጡረታዋ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ከዚያች ክፍል ብትወጣ የምትገባበት የላትም።

«ፊሎ የኔ ቆንጆ፣» አላት ሮናን እጇን ይዞ፣ «ከድስቱ አጠገብ ቆመሽ አያቴ እንዳስተማረችሽ ብቻ ትናገሪልኛለሽ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

«አያትህ ዓሣ አትወድም ነበር ሮናን።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ደግሞ ዓርብ ቀን የአሳማ ሥጋ? እኛን የሚያውቅ ሰው ቢሰማ ይስቅብሃል።»

«እኛን የሚያውቅ ሰው ሾርባ ለመብላት እዚህ አይመጣም፤ ቤቱ አለለት፣» አለ። ይህ ደግሞ እውነት ነው። ከዚያ እጇን ሳይለቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ አርክቴክት ይመጣል፤ ላይኛውን ፎቅ ሊያይ። የእንግዳ ክፍሎች ቢሠሩበት ምን ይመስላል፣ ያንን። ያንቺን ክፍል ነገር ያኔ እናወራለን፤ አታስቢ እሺ? መጀመሪያ የዛሬውን እናሳምረው።»

አታስቢ አላት። ሰው አታስቢ ሲባል ነው ማሰብ የሚጀምረው። ሮናን ያስፈራራት አይመስለኝም፤ ራሱም እንዳስፈራራት ያወቀ አይመስለኝም። ጉንጯን ሳም አድርጓት ወጣ። እሷም ሥራ ጀመረች፤ ሌላ ምን ታደርጋለች?

በጭስ የታጠነውን ዓሣ በወተት ውስጥ አስተኝታ በቀስታ እሳት ጣደችው። ዛጎሎቹን በሌላ ድስት ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጋ ከደነቻቸው፤ ተራ በተራ እየጮሁ ሲከፈቱ ሥጋቸውን አወጣች፣ ውኃቸውን አሸዋው እንዳያልፍ በነጭ ጨርቅ አጠለለች። የሾርባው ነፍስ ያ ውኃ ነው፤ ዴሊያ እሱን የደፋ ሰው ልጁን ደፋ ትል ነበር። ቅቤው ሲቀልጥ ባሮ ሽንኩርቱን ጨመረች፤ እንዳይቀላ፣ ላብ ላብ ብሎት ብቻ እንዲለሰልስ። ሁልጊዜ ቀጥሎ የሚገባው ድንቹ ነበር። ዛሬ ግን ሮናን የከተፈላት የአሳማ ሥጋ በሳህን ተቀምጧል። ሳህኑን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። በመጨረሻ ገለበጠችው። ስቡ ሲንጫጫ ቤቱን የሞላው ያ ሽታ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ የሚል ሽታ ነው፤ ቆሽቷን ያሳረራትም እሱ ነው። ቢሸት ኖሮ ይቀል ነበር። ድንቹን፣ የዛጎሉን ውኃ፣ ወተቱን፣ ቆንጠር ያለች ጦስኝ አስከተለች። ድንቹ ሲበስል ዓሣውን በጣቷ እየፈረፈረች ከተተች፤ ድስቱን ከእሳት አወረደችና ክሬሙን አፈሰሰች። ክሬም የሚፈላ ድስት ውስጥ ከገባ ይበጠሳል። ዴሊያ «ክሬም ኩሩ ነው፤ ሲጮሁበት ያኮርፋል» ትል ነበር፤ ክሬም ስትጨምር ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲናገር እንኳ አትፈቅድም። በመጨረሻ አንድ ጉርሻ የሚያህል ቅቤና ተደቁሶ የደረቀ የባሕር ሣር። ፊሎሜና ቀመሰችው። ጣፋጭ ነው፤ ግን ባሕሩ ጠፍቷል፤ ከፊት የሚመጣው የአሳማው ጭስ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ካሜራውን ተከሉት። የደብሊኗ ሴት ኦርላ ትባላለች፤ ጨዋና ፈገግተኛ ናት፤ ለፊሎሜና ከሆነ ቦታ ያመጣችውን የሱፍ ሻል ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ፊሎሜና በሥራ ላይ ሻል ለብሳ አታውቅም፤ እሳት ይይዘዋል። ድስቱን ከኩሽና አውጥተው ከመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ፣ ብርሃን ካለበት መስኮት ሥር አኖሩት። ጭልፋውን አስያዟት። ቤቱ ለምሳ መሞላት ጀምሯል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል።

«ፊሎሜና፣ ይህን ሾርባ ማን ነው ያስተማረሽ?» አለች ኦርላ።

«እናቴ፣» አለች ፊሎሜና።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ሮናን ወዲያው ሳቀ፤ ሳቁ የተደናገጠ ሳቅ ነው። «አያቴ ለፊሎ እንደ እናት ነበረች፤ ለዚህ ነው!» አለ። ኦርላ «እንዴት ደስ ይላል» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ «ግን ለተመልካች ግልጽ እንዲሆን ስሟን ጥሪልኝ። አንዴ እንደገና፣ የኔ ፍቅር።»

ፊሎሜና ቀና ስትል ነው ኮንሴፕታን ያየቻት። በሩ አጠገብ ካለው ጥግ፣ ካባዋን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። መቼ እንደገባች አልታወቀም። ሮናን ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ያያታል፤ ከንፈሩን እንደሚጸልይ ሰው ያንቀሳቅሳል። ከበላያቸው፣ ከጣሪያው ወዲያ፣ አልጋዋ አለ።

«ወይዘሮ ማኒየን፣» አለች ፊሎሜና። «ወይዘሮ ማኒየን ናት ያስተማረችኝ።»

ያንን ደግሞ የማቀዝቀዣው ድምፅ አበላሸው። ማቀዝቀዣውን ነቅለው ሦስተኛ ጊዜ አስጀመሯት። ሰው አንድን ውሸት ሦስተኛ ጊዜ ሲናገረው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንደ ውኃ ይፈሳል። ፊሎሜና ወይዘሮ ማኒየን በየዓርቡ የአሳማ ሥጋውን እንዴት ትጠብስ እንደነበር ተናገረች። ኦርላን ይህ ቢበቃት ጥሩ ነበር፤ ግን ጠየቀች፤ «ስለሷ ከሁሉ የማትረሺው ምንድን ነው?» ፊሎሜና ስለ ወይዘሮ ማኒየን የምታስታውሰው «በሩን ዝጊው» የሚለውን ጩኸት ብቻ ነው። ሰው ይጠብቃል። ሮናን ይጠብቃል። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው፣

«ቀኝ እጇን የዓሣ ቢላዋ ጎድቶት ነበር፤» አለች፣ «ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። ስለዚህ በግራዋ ነበር የምታማስለው። ክሬሙን ስታፈስ ትንፋሿን ትይዝ ነበር። እኛም አብረን እንይዝ ነበር።»

የኦርላ ዓይን እንባ አቀረረ። የሮናንም አቀረረ፤ አያቱን አሁን ገና ያወቃት ይመስል ነበር፤ በነጋታው ያቺን እጅ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ቢምል አይገርመኝም። ሰዎች አጨበጨቡ። ኮንሴፕታ አላጨበጨበችም። እነዚያ የማይታጠፉ ጣቶች እስከ አሥር ዓመቷ ድረስ ፀጉሯን ጎንጉነውላታል። አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን እንጨት ታያለች።

ፊሎሜና ሻሉን አውልቃ ሁለት ሳህን ቀዳችና ወደ እህቷ ሄደች። ተቀምጠው ጥቁሩን ዳቦ ቆረሱ። ኮንሴፕታ አማተበች፤ ከዚያ የአሳማ ሥጋውን ቁራጭ በቁራጭ በማንኪያዋ እየለቀመች ከሳህኑ ዳር ደረደረችው። ዓርብን እስከ ዛሬ የምትጠብቅ ሰው ናት። ሥጋውን ለቅማ ስትጨርስ ሾርባውን እስከ ጠብታው በላች። ምግብ መመለስ አልለመዱም፤ ሁለቱም ዓሣ ካልተሸጠ ቤቱ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ከዚያ ስለ ዓይን ሐኪሙ አወራች፤ ጠብታ አድርገውባታል፣ ሁሉ ነገር ጭጋግ ሆኖባታል፣ ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ እጁ ግን ቀላል ነው። ፊሎሜና ይህን ስትሰማ ጭጋጉ ትንሽ ተስፋ ሰጣት። ግን የታከመው ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አይደለም። ሮናን በአጠገባቸው ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ፊሎሜናን ትከሻዋን ጨበጣት።

«ግሩም ነበርሽ! ግሩም!»

«ክፍሏስ ሮናን?» አለችው በሹክሹክታ፤ እህቷ ፊት ልትጠይቀው አልፈለገችም፤ ግን አመለጣት።

«ሰኞ አልኩሽ እኮ፤ አርክቴክቱ ይምጣና እናያለን፣» አለና ሳህን ሊያነሳ ሄደ።

ኮንሴፕታ ይህንንም ሰማች። ክፍሏ ምን ሆነች ብላ አልጠየቀችም። ፊሎሜናም አልነገረቻትም። ከዚያ ወዲያ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጡ። ብትሰድበኝ ምናለበት ስትል አሰበች ፊሎሜና። በልጅነታቸው ኮንሴፕታ ነበረች ተሳዳቢዋ፤ ለአንድ ሪባን ሰፈሩን የምታናውጥ። አሁን አፏን ከፍታ «እናታችንን ለማኒየኖች ሸጥሻት» ብትላት፣ ፊሎሜናም ቢያንስ አልቅሳ ይወጣላት ነበር።

ለባሊናስሎው አውቶቡስ ልትሸኛት አብራት ወጣች። ለማታው ሌላ ድስት መጣድ አለባት፤ ቢሆንም ሮናን ግማሽ ሰዓት ፈቅዶላታል። ዝናቡ አልቆመም። ኮንሴፕታ ጭጋግ ስለሆነባት የእህቷን ክንድ ይዛለች፤ ክንዷን ስላልለቀቀችው ፊሎሜና በሆዷ አመሰገነች። ከሱቆቹ በር ሙዚቃ ይሰማል፤ አንድ ወጣት ለቱሪስት ይዘፍናል፤ ሳንቲም የሚጥልለት የለም። ፌርማታው ደርሰው ከመጠለያው ሥር ቆሙ። እዚያ ነው ኮንሴፕታ፣ እህቷን ሳታያት፣ ወደ መንገዱ እያየች የተናገረችው።

«ጃርላት ከታመመ ወዲህ አልጋውን ሳሎን አውርደንለታል፣» አለች ስለ ባሏ። «ልጄም ኪራዩ ከብዷት ከነሁለት ልጆቿ ተመልሳ ፎቅ ላይ ናት። እኔ ከሰኔ ጀምሮ የምተኛው ወጥ ቤት ነው፤ ሁለት ወንበር አጋጥሜ።»

«አልነገርሽኝም፣» አለች ፊሎሜና።

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» ኮንሴፕታ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠቀለለች፣ ፈታች። «እዚያ ጥግ ተቀምጬ ስሰማሽ ልነሳ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ተነስቼ ያቺ እጅ የእናታችን ናት ብዬ ልጮህ ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ ብጮህ ልጁ ያስወጣታል። ካስወጣት የት አደርጋታለሁ? አንድ አልጋ ቢኖረኝ ኖሮ ፊሎ፣ አንዲት አልጋ ብቻ... የለኝም። ስለዚህ ዝም አልኩ። እኔም አብሬሽ ነው የሸጥኳት።»

ፊሎሜና ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ለስድብ መልስ ነበራት። ይህ ግን ስድብ አይደለም፤ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሁለት ሴቶች አንዲት የሞተች እናታቸውን የሚያሳርፉባት የአልጋ ስፋት ያህል ቦታ በዚህ አገር የላቸውም። የእህቷን እጅ ፈልጋ ያዘች። እጁ ቀዝቅዟል። ኮንሴፕታ በዚያ ጭጋግ በሸፈነው ዓይኗ የሰዓት ሰሌዳውን ለማንበብ ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ፊሎሜና አነበበችላት። አውቶቡሱ ሊመጣ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረዋል።